መንካት ክልክል ነው

ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ጎናቸው ያለውን የሥዕል ጋለሪ ሠራተኛ ያዋሩታል።

«ዓመቱ እንዴት ነበር ታዲያ?»

«ጥሩ ነበር፣ እማማ። ብዙ ኤግዚቢሽን አሳየን፤ ጎብኚም አልጠፋ፤ ሕዝቡም ደገፈን።»

«እኔም ደግፌአችኋለሁ። ግድግዳው ላይ የሰቀላችሁትን የሱፍ ዝተት የሰጠሁ እኔ ነኝ።»

«የእርስዎ ነው? ሰው ሁሉ የሚያደንቀው እኮ እሱን ነው!»

«እኔም ላደንቅ መጥቼ ጥበቃው ‹መንካት ክልክል ነው› አለኝ።»

«እንዳይበላሽ ብሎ ነው።»

«እውነቱን ነው። ባሌ እስኪሞት ሲለብሰው ያልተበላሸ፣ በኔ እጅ ሊበላሽ!»

«ግድ የለም፣ እኔ አስፈቅድልዎታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ! የባሌን ብርድ ልብስ ልነካ ፈቃድ አገኘሁ። እሱ ታሞ ሲተኛ ጠያቂ አልነበረውም፤ ይኸው ዘንድሮ ዝተቱ ጎብኚ በዛለት።»

መሐል ሜዳ እስክንገባ የጋቢዬን ጫፍ በጣቶቼ ስዳብስ ቆየሁ።