«ለአዋቂ አይመጥንም»

ነይ ማሪትዬ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ! አንቺ በመስኮቱ በኩል ሁኚ፤ እኔን ነፋሱ ራሴን ያመኛል። እንዴት አደርሽ? ልጆቹስ? እሰይ፣ ተመስገን። ዛሬ ደግሞ አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ፤ ምን ነክቶት ይሆን? የወጨጫን ተራራ አየሽው፣ ጉሙን ተከናንቦ? ፉሪ ሳንደርስ ባይዘንብ ምን አለ በዪኝ። ገለቴ! አካም ጅርታ? ነጋ ነው? ገበያ ይቅናሽ እሺ! ታድላ፣ ሁሌም ሳቂታ ናት።

ዘንቢሌን? ግድ የለም፣ ጉልበቴ ላይ ይሁን። ሽንኩርት መስሎሽ ነው? ደብተር ነው እኮ። አራቱ ደብተሮቼ። ያቺ ልብ ወለዴ… ሰምተሻል መቼም። ከሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ እየተቀመጥኩ የጻፍኳት። ወርቅቱ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የሠርጓ ቀን ሲቆረጥ ከቤት ወጥታ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ነርስ ልትሆን የምትሄድ። የንባብ ማኅበራችን በዓመት አንድ መጽሐፍ ያሳትም የለ? የዘንድሮው የኔ ይሆናል ብዬ ሰጠኋቸው። እሁድ በስብሰባው ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ መለሱልኝ። ሽፋኑ ላይ ምን ተጽፎበታል መሰለሽ? «የልጆች ተረት ነው። ለአዋቂ አይመጥንም።» በቀይ እርሳስ።

ማን ጻፈው? እኔ ምን አውቄ! አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ስም አልጠራም፤ ስም ምን ያደርጋል? ቀይ እርሳስ እንደሆነ ስንቱ አለው… ያንቺስ ባለቤት ጆሯቸው ላይ ይሰኩ የለ? እሳቸውን ማለቴ አይደለም፣ በማርያም! የሳቸው ጨዋነትማ ሌላ ነው።

እኚህ የምልሽ ሰው ግን ፍርድ አያውቁም እንዳትዪ። ጎበዝ ናቸው! «ባለታሪኳ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉኝ። «አሥራ ስድስት» አልኩ። «በቃ፣ የልጅ መጽሐፍ ነው» አሉ። ፍጥነቱን አየሽልኝ? እኔ አራት ዓመት የደከምኩበትን እሳቸው በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ጋር እሳት ውስጥ ሲገባ ሦስት ዓመቱ ነበር አይደል? እንግዲህ ሐምሌ ላይ ታቦቱን ማጀብ ያለባቸው ባለ ሦስት ዓመቶቹ ናቸዋ! እኔና አንቺ ነጠላችንን አጣፍተን እዚያ ምን እንሠራለን?

የወጣት ነው ቢሉኝ እኮ እሺ እል ነበር። ለወጣት ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ምን ያሳፍረኛል? እሳቸው ዘንድ ግን ወጣት የሚባል ነገር የለም። ወይ ልጅ ነሽ፣ ወይ አዋቂ ነሽ። መሃል ላይ ያለው የት ይግባ? ጢም እስኪያወጣ ሳያነብ ይጠብቅ? ልጃገረዷስ፣ ጢም የማታወጣዋ? ልዩነቱ ዕድሜ መሰላቸው። እኔ እንደገባኝ፣ የትልቅ ሰው መጽሐፍ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ዞሮ እያየ ነው የሚያወራው፤ የወጣት መጽሐፍ ውሃው ደረቱ ድረስ ደርሶ ነው የሚናገረው። ወርቅቱ እንደምትሻገር አታውቅም። እኔም ስጽፈው አላወቅኩም ነበር፣ እውነቴን ነው።

የሳቸውን መጽሐፍ አንብበሻል? አምና ማኅበሩ ያሳተመውን? እሱ ነው የአዋቂ መጽሐፍ! ባለታሪኩ ገና በመጀመሪያው ገጽ ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ እስኪሞት ድረስ ይመክራል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባል የለ? እዚያ መጽሐፍ ላይ ምክሩ አላልቅ ብሎ መከራ ተራ ሳይደርሰው ቀረ። እኔ ግን በጣም ነው የወደድኩት፤ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ዕለት ከሱ የተሻለ አላገኘሁም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ… የትልቅ ሰውማ በረከቱ! ይኸው ለዓመትም ተርፎ ማኅበሩ መጋዘን ተቆልሎ ተቀምጧል። ዘንድሮ ደግሞ በኔ ፈንታ ክፍል ሁለቱ ይታተማል አሉ። ደስ ይላል አይደል? ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ቢፈለግ መቼም፣ ክፍል አንድን የጨረሰ አንድ ሰው አይጠፋም…

አልዋሽሽም፣ እሁድ ዕለት ተቃጥያለሁ። እህል አልቀመስኩም። እንባዬ ብቻ ወረደ፤ አራት ዓመት እኮ ነው ማሪትዬ! ሰኞ ተነስቼ ደብተሮቹን ልቆልፍባቸው ስል፣ እስቲ ለመጨረሻ ልያቸው ብዬ ገለጥኳቸው።

ወይ ጉድ! ሽፋኑን የጻፉት ሰው፣ ውስጡንም ጽፈውበታል ለካ! ሦስት ሳምንት አቆይተውት የለ? ማጥፋቱን ረስተውት እኮ ነው። ይኸው፣ ሁለተኛው ደብተር፤ ወርቅቱ የበግ ጋጣ ውስጥ የተደበቀች ጊዜ፣ ዳሩ ላይ በቀይ፦ «አይዞሽ! ድምፅ እንዳታሰሚ!» ሦስተኛው ላይ ሙሽራው ሽማግሌ ሲልክ፦ «ይሄ ባለጌ!» ሽማግሌው ላይ ነው እንዴ እንዲህ የሚባለው? አራተኛው ላይ፣ እዚህ፣ አውቶቡሱ ሲነሳ እናቷን በመስኮት የምታይበት… ቀለሙ ፈስሷል፤ አየሽው? ዝናብ አልነካውም፣ ቤት ውስጥ ነው የተነበበው። ከሥሩ ደግሞ፦ «ደብዳቤ ጻፊላት ልጄ፤ እናት ናት።» መጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ከዚያስ?» ሦስት ጊዜ አስምረውባታል። ከዚያስ የሚለው ማነው? የኔ አምስተኛ ክፍሎች ናቸው እንደዚህ የሚሉት፤ አዋቂዎችማ ከዚያስ አይሉም።

ያን ሰሞን ያንቺም ባለቤት ዓይናቸው ቀልቶ አልነበር? ጉንፋን ነው ብለሽኝ። አዎ፣ ጉንፋን ነው… የዘንድሮ ጉንፋን ከየት እንደሚነሳ አይታወቅም፤ አንዳንዱ ከደብተር ነው የሚይዘው ይባላል። ተሻላቸው? እልል በይ!

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አሉ። ፒያሳ መጽሐፍ የሚያሳትሙት አቶ ከድሩን ታውቂያቸው የለ? ባለፈው ሄጄ ሳማክራቸው ምን አሉኝ፦ «ለልጅ ብቻ ከሆነ እኔ አላወጣውም። ትልቅ ሰውም ይወደዋል የሚል፣ የአንድ ትልቅ ሰው ቃል በጽሑፍ አምጪልኝና እኔው አሳትመዋለሁ።» ያኔ የት ላግኝ? ኦቦ ኩምሳ አሉ፤ በወላጆች ቀን አንዱን ምዕራፍ ሳነበው ሰምተው፣ ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «ያቺ ልጅ ደረሰች ወይ?» ይሉኛል። ግን መጻፍ አይችሉም፤ የሳቸው ቃል በአፍ ብቻ ነው። ይኸው አሁን በጽሑፍ አገኘሁ! በእጅ ጽሑፍ፣ በቀይ እርሳስ፣ ከነእንባው። ማኅበሩን የሚመሩት ትልቅ ሰው! ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ? ለአቶ ከድሩ ላሳያቸው ነው የምሄደው።

ስማቸውን አላነሳም፣ አይዞሽ። ምን በወጣኝ? መጽሐፉ ጀርባ ላይ «አንድ የተከበሩ የሰበታ ሰው አንብበው እንዲህ አሉ» ተብሎ ይጻፍና፣ «አይዞሽ! ድምፅ እንዳታሰሚ!» ከሥሩ ይግባ። ቀሪውን ሰበታ ራሱ ያውቀዋል… የሰበታ ሰው የእጅ ጽሑፍ መለየት ይችልበት የለ? ደግሞም ደብተሮቹን አልደብቅም፤ ማየት የፈለገ ቤቴ ይምጣ።

ምነው ፊትሽ ቀላ? ሙቀቱ ነው? መስኮቱን ክፈቺው እንጂ! እኔ እኮ ለምን እንደምናደድ ነው የማላውቀው፤ ሰውየውን ወድጃቸዋለሁ። እውነቴን ነው! አራት ዓመት ስጽፍ እንደሳቸው ያነበበልኝ የለም። ጋጣው ውስጥ ከወርቅቱ ጋር ተደብቀው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው… እንደዚህ ዓይነት አንባቢ እኮ በጸሎትም አይገኝም። ክፍል ሁለትን ስጽፍ መጀመሪያ ለሳቸው ነው የምሰጠው፤ ከዚያስ ብለው ጠይቀውኝ እንዴት ዝም እላለሁ?

ውይ፣ ደረስን ለካ! ወራጅ አለ፣ ሹፌር! ቀስ ብለሽ ውረጂ ማሪትዬ፤ ጭቃ ነው። አንቺ ደግሞ ብዙ ደክመሻል፤ ማብሰሉ፣ ማጠቡ፣ ጉንፋን ሲይዛቸው ማስታመሙ። እግዚአብሔር ድካምሽን ይቁጠርልሽ። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፣ እሺ? እኔ ሁሌም እጸልይልሻለሁ… እሳቸውን ያሳድግልሽ እህቴ፤ ለቁም ነገር ያብቃልሽ።