ውጭ ሰፊ ነው

በደርግ ጊዜ፣ ከሻሸመኔ ወደ አዋሳ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ ወጣት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ መስኮቱን ዝጋው። አልቦኛል፣ ብርድ ይመታኛል።»

«እማማ፣ ንፋስ እኮ ሕይወት ነው! ሶሻሊስት አገር ተልኬ የድንጋይ ከሰል ማውጣት ተምሬ መመለሴ ነው። ከመሬት በታች ከሰሉ ሲቆፈር ሽታ የሌለው ጋዝ ይወጣል። እዚያው ከታፈነ ፈንድቶ ሰው ይፈጃል።»

«በስመ አብ! ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«በትልቅ ማራገቢያ ጠራርገን ወደ ውጭ እናስወጣዋለን።»

«ውጭ ያለውስ ሰው?»

«አይስጉ እማማ፣ ውጭ ሰፊ ነው፤ ይበተናል።»

«እንግዲህ እናንተ የበተናችሁት ነዋ በዚህ መስኮት የሚገባብኝ! ዝጋ ብያለሁ!»

ወጣቱ እየሳቀ ሲዘጋ፣ እኔም የራሴን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁ።