ዝም ያለ መኪና ሁሉ አልጠፋም

ዳቦ ልገዛ ከግቢዬ ስወጣ ጎረቤቴን ጋሽ መሪን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶብስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ስለወጡ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው፤ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠሯቸው ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ሲናደዱ። በብብታቸው አዲስ የመኪና መሪ ይዘዋል፤ በእጃቸው ደግሞ መዶሻና ካቻቢቴ።

“ጊዜ ካለዎት ይግቡ መምህር” አሉኝ። “ከመጽሐፍ ያልተቀዳ ሥራ ላሳይዎ።”

መሪው ለምን እንደሚቀየር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የኤሌክትሪክ መኪናቸው መሪ ቆዳው ተላልጦ፣ ጋሽ መሪ እንደ ቆሰለ ጣት በፕላስተር ጠቅልለውት ከርመዋል። በቅርቡ ኩርባ ላይ ፕላስተሩ ከእጃቸው አዳለጠና መኪናው እግረኛ መንገድ ላይ ወጣ። ሰው አልተጎዳም፤ ባለቤታቸው እትዬ ግን ወርደው በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ወደ ዓይን ሐኪማቸው የሚሄዱት በታክሲ ነው። ስንት አገር ሰው አምኖት የተሳፈረውን ሾፌር የገዛ ሚስቱ “ካንተ ጋር አልሳፈርም” ስትለው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ሾፌር መሆን አያስፈልግም። ጋሽ መሪ ፊታቸው ከስቶ ነበር።

ግቢ ውስጥ የእህታቸው ልጅ የመኪናውን መመሪያ ይዛ ትጠብቃለች። የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት።

“ጋሼ፣ ከመጀመርዎ በፊት ትንሿን ባትሪ እንንቀል” አለች።

“መሪ ነው የምቀይረው! መሪንና ባትሪን ምን አገናኛቸው?”

“መሪው መሃል ኤርባግ አለ። ግጭት ሲመጣ በቅጽበት ተነፍቶ ደረትዎን የሚያድን ከረጢት ነው። ኤሌክትሪክ እያለ ከነካኩት ግን ያለ ግጭትም ሊፈነዳ ይችላል።”

“መኪናው እኮ ጠፍቷል። ስሚ እስቲ፣ ድምፅ አለው?”

“ሲሄድስ ድምፅ አለው?”

ጋሽ መሪ ጥያቄውን አልፈው መዶሻውን መሬት ላይ አኖሩ።

“ልጄ፣ እኔ አንቺ ሳትወለጂ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ተሳፋሪ እየጮኸብኝ መሪ ፈትቻለሁ። ሞተሩ ዝም ሲል መጀመር ነው። አለቀ።”

“ያኔ ልክ ነበሩ። የያኔው መኪና ሲጠፋ ይናገራል፤ ይሄ አይናገርም። ጆሮዎ አልተሳሳተም ጋሼ፣ የሚሰማው ነገር ነው ያጣው።”

አነጋገሯን ወደድኩት። ሽማግሌን “አያውቁም” ከማለት “ነገሩ ተለውጧል” ማለት ይሻላል፤ ወጣቶቻችን ይህን ቢያውቁ ግማሹ ጭቅጭቅ በቀረ ነበር። እሳቸው ግን አንዴ ተነሥተዋል።

“ዝምታ ወርቅ ነው” ብለው ተርተው መኪናው ውስጥ ገቡ። ካቻቢቴውን ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ ከመፍታታቸው በፊት ጎማውን ለማቅናት መሪውን ጨበጡ። መሪው በሁለት ጣት ዞረ።

ቆም አሉ። ወደ ግራ ሞከሩት፤ አሁንም እንደ ላባ ቀለለ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

“የጠፋ መኪና መሪ ይከብዳል” አሉ ቀስ ብለው።

የእህታቸው ልጅ ዳሽቦርዱ ላይ ወደበራችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ጠቆመች። ጠዋት ግቢ ሲያስገቡት፣ ዝም ስላለ የጠፋ መስሏቸው ማጥፊያውን ሳይጫኑ ወርደዋል።

“ምን ሆነ?” አሉ እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው።

“የጠፋው መኪና አልጠፋም” አልኳቸው። ምላሴን መግታት አይሆንልኝም።

“ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው! ደግነቱ መሪው ቀድሞ መከረው።”

ጋሽ መሪ ካቻቢቴውን ከጭናቸው አነሡት። “ይሄን መሪው ውስጥ ሰክቼው ቢሆንስ?”

“ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር” አለች ልጅቱ። “ ምናልባት ደግሞ ፊትዎ ላይ ይፈነዳ ነበር። ጥንቃቄው ለዚህች ‘ምናልባት’ ነው።”

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ሥራ ሄደ። መኪናውን አጠፉ፤ ቁልፉንም እትዬ ወስደው ቤት ውስጥ አስቀመጡት። ልጅቱ ኮፈኑን ከፍታ የትንሿን ባትሪ ገመድ ነቀለች። “ብርቱካንማዎቹን ገመዶች እኔም አልነካም፤ መኪናውን የሚያስኬደው የትልቁ ባትሪ ናቸው” አለች። ቀሪው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ መመሪያው ያዘዘውን ያህል ጠበቅን። ጋሽ መሪ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አሉን፣ ከመጀመሪያውም የእሳቸው ሐሳብ እንደነበረ ሁሉ። ኤርባጉ ወጣና ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሰው በሌለበት ክፍል ተቀመጠ።

ልጅቱ መሪውን ከዘንጉ ጋር የያዘውን ዳዶ ስትፈታ ግን ሽማግሌው ጮኹ። “ቆይ! ጨርሰሽ አታውጪው፣ በጥቂት ጥርስ ይያዝ! አለዚያ መሪው ድንገት ሲላቀቅ አፍንጫሽን ነው የሚልሽ።”

“መመሪያውም እንዲሁ ይላል ጋሼ።”

“መመሪያው ከማን ሰማው?”

ሳቅን። መሪው ቀጥ ብሎ እንዲመለስ ምልክት ሲያስፈልግ ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁ፤ እኔም ለአንድ ነገር ጠቀምኩ። አዲሱ መሪ ገባ፣ ዳዶው በልኩ ጠበቀ፣ ኤርባጉና ባትሪው ተመለሱ። የኤርባጉ መብራት በርቶ ጠፋ፤ ደህና ነው ማለት ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። የተላጠ መሪ በጊዜው ቢቀየር እጅ አያዳልጥም፤ ከመፍታት በፊት ማጥፋት፣ መንቀልና መጠበቅ ፊትንም ዓይንንም ያድናል። አዲስ ነገር መማር ደግሞ የድሮውን ሙያ አይሽርም፤ የዳዶውን ነገር ያስታወሱን ጋሽ መሪ ናቸው። በቤት የሚሠራ ሥራም በቤት ይሠራ፣ ግን መመሪያው ተነቦ። የማይገባው ሰው ለባለሙያ ይስጥ፤ ይህ ነውር የለውም።

ምክሬን ሳልጨርስ እትዬ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። የሐኪም ቀጠሮ አላቸው። ታክሲ ሊጠሩ ነው ብዬ ስጠብቅ በመኪናው ዙሪያ ዞረው፣ አዲሱን መሪ በመስኮት አይተው፣ የፊቱን በር ከፈቱ። ጋሽ መሪም ፈጥነው የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“አሁን በርቷል ወይስ ጠፍቷል?” ሲሉ ጠየቁ እትዬ።

ጋሽ መሪ እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ሊያቀኑ ጀመሩና ተዉት። ጎንበስ ብለው መብራቷን ፈለጉ።

“ቆይ፣ ልየው” አሉ።

እትዬ ገብተው ተቀመጡና ቀበቷቸውን አሰሩ።