ቀይ የጥፍር ቀለም

«ይግቡ እንጂ እትዬ ዘውዲ፤ አረፍ ይበሉ። ዛሬም ከቸርችል ጎዳና በእግር ነው የወጡት? ኬክ ቤቱስ እንዴት ነው? ሙዚቃ ከቀረ ወዲህ ጭር ብሏል አሉ...»

አማኑ ይህን እያለ የአሮጌውን አምፕሊፋየር ክዳን ይፈታል። ሴትየዋ ዕቃቸውን ሳያሠሩ መልሰው ሊወስዱ ነው የመጡት። ለፋሲካ ተጠግኖላቸው ነበር፤ ቃጠሎ ቃጠሎ መሽተት ሲጀምር ወደ አማኑ አመጡት፤ እሱም ሊመረምረው ገና ሲያበራው ጢሱ ወጣ። «ልጁ አቃጠለብዎት» ያሏቸው ሰው አሁን ከጎን ሱቅ በር ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የፋሲካው ጠጋኝም፣ አማኑን ሙያ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። በዚያ የጠጋኞች መደዳ ደግሞ አስተማሪን በስም ጠርቶ መክሰስ ነውር ነው። አማኑ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«እኔም ራሴን ጠርጥሬ ሦስቴ ለካሁ። መቼስ ዘገምተኛ ነኝ። አብርቼ፣ ድምፁን ዘግቼ፣ ግማሽ ሰዓት እስኪሞቅ እጠብቃለሁ። ሙዚቃ ባይኖርም በትራንዚስተሩ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈስሳላ፤ ባያስ የሚሉት እሱን ነው። ሲሞቅ ይጨምራል። በዚች ብሎን ነው የሚስተካከለው፤ ቴስተር እያዩ፣ በጣም በትንሽ በትንሹ... ጣቱ የተባረከ ሰው ግን ቴስተር ምን ያደርግለታል? ገና እንደበራ ዳሰስ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ጠምዘዝ፤ አለቀ! አምስት ደቂቃ! እኔ ይህን ጥበብ ከየት አመጣዋለሁ? ስድስት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ እንኳ አልተጋባብኝም...»

አምፕሊፋየሩን ወደ እሳቸው አዞረና ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«መነጽርዎን ያድርጉና ይዩት። የግራው ትራንዚስተር ነዷል። ቀኙ አልሞተም፤ የዕቃው መመሪያ ባያሱን ሃያ ይላል፣ እሱ ሲሞቅ ሰማንያ አምስት ይደርሳል። እንዴት ያለ ለጋስ እጅ ነው! ብሎኖቹ ላይ ያለችው ቀይ ነገርስ? የጥፍር ቀለም ናት። ጠጋኝ ሥራውን ሲጨርስ ብሎኑ እንዳይንቀሳቀስ ያትምበታል። የእኔ ነጭ ነው፤ ያውልዎት ጠርሙሱ። ቀይ የሚቀባው ማን ይሆን? እኔ ምን አውቄ... ብቻ አልተሰነጠቀችም። ለፋሲካ እንደታተመች አለች፤ ከዚያ ወዲህ ብሎኑን የነካ የለም። ቀለም አቀባቡ ላይማ አንድ እንከን አላገኘሁም!»

ከጎን ያለው ጋዜጣ ገጹ ከተገለጠ ቆይቷል። እትዬ ዘውዲ ከማኅተሟ ላይ ቀና ብለው ወደዚያ በር ተመለከቱ፤ ከዚያ ለዕቃው ያመጡትን ፌስታል አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አማኑ ካቻቢቴውን መልሶ አነሳ።

«ለሐሙስ ይደርስልዎታል። ሲጸልዩ ታዲያ ለፋሲካ የሠሩልዎትን ሰው አይርሱብኝ። እኔማ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ስከፍት አነሳቸዋለሁ፦ እግዜር ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፣ ጣታቸውንም ይባርክልኝ... እሳቸው ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ እኔ ሥራ አልፈታም።»