የአቶ ስለሺ «ደህና ነኝ»

አቶ ስለሺ በዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ስንቱን ባለዲግሪ ገፍተዋል መሰላችሁ! ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ተገፍቶ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ የሚወርደውን ሁሉ። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እንዲህ ያለውን አይቶ ዝም ይላል እንጂ አይታዘብም ያለው ማን ነው?

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚቀበሉትን መንገደኛ ስም ስልካቸው ላይ ቢያዩ፣ «ሄራን እንዳልክ» ይላል። ደግመው አነበቡት። እንዳልክ ማለት ከሰባት ዓመት በፊት ከዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ ውስጥ በዕድር ስብሰባ ላይ፣ እሳቸው ሐሳብ ሊሰጡ ሲነሱ፣ «ዊልቸር መግፋት ሌላ፣ ዕድር መምራት ሌላ! የተማረ ይናገር!» ብሎ ያስቀመጣቸው ሰው ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ልጅቷ ቁርጭምጭሚቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በአንድ እግሯ እያነከሰች ከአውሮፕላኑ ወጣች።

«ጋሽ ስለሺ! እርስዎ ነዎት እንዴ? አወቁኝ?»

«አባትሽን አውቃለሁ። ተቀመጪ።»

«ከስብሰባ ስመለስ ደረጃ ላይ ወለም አለኝ። እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«በጣም ከስተዋል እኮ።»

«ጾም ነው።»

ጥቂት እንደገፉ ወንበሩን ጥግ አስይዘው መጸዳጃ ቤት ገቡ። ወጥተው መንገደኛ ወደ መውጫው የሚያደርሰው የአየር ማረፊያው ባቡር ጋ ሳይደርሱ ደግመው ገቡ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወጡ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፤ የወንበሩን እጀታ የያዙት ለመግፋት ይሁን ለመደገፍ አይለይም ነበር።

«ጋሽ ስለሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… በቀን ስንት ጊዜ ነው?»

«ምኑ?»

«የሚገቡት።»

«አንቺ ልጅ! ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? የተማረ ሰው የሚጠይቀው እንዲህ ነው?»

«ሥራዬ ስለሆነ ነው። አውሮራ፣ ሕክምና ግቢው ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። በሽታ የሚከላከሉ የደም ሴሎችን ነው የማጠናው።»

አቶ ስለሺ መንቀፍ ፈልገው ሳለ አፋቸው አዳለጣቸው። «እኔንም የሚያክሙኝ እዚያው አጠገብሽ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረም። የኩላሊት ካንሰር እንደያዛቸው፣ በየሦስት ሳምንቱ በክንዳቸው መድኃኒት እንደሚንጠባጠብላቸው፣ ከባለቤታቸው ከጤናዬ በቀር ማንም እንደማያውቅ ተናገሩ።

«የሰውነትን ወታደር የሚቀሰቅስ መድኃኒት ነው ብለውኛል። እኔም ወታደሮቹ እንዲበረቱ ጠዋት ጠዋት ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እወስዳለሁ።»

«ወንበሩን ያቁሙት!» አለች ሄራን፣ ወንበሩ ላይ ዞራ። ዓይኗ በራ። «ወታደሮቹ መቼ ደከሙና ነው! ጉዳዩ የጉልበት አይደለም እኮ። እያንዳንዱ ሴል ላዩ ላይ እጅ የሚመስሉ ነገሮች አሉት። ሪሴፕተር ይባላሉ፤ ተቀባይ ይበሏቸው። በአንዱ እጅ ያገኘውን ሁሉ እየዳሰሰ ‹ይሄ የቤት ሰው፣ ይሄ ባዕድ› ብሎ ይለያል። ሌላው እጁ ሲነካ ‹ተነስ፣ ምታ› የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ደግሞ ሌላ እጅ አለው፤ እሱ ሲነካ ‹በቃ፣ ረጋ በል› ይባላል።»

«ፍሬን በይኛ!»

«ፍሬን! ካንሰሩ ታዲያ ይሄን ያውቃል። ወታደሩ ሊመታው ሲመጣ ያቺን የፍሬን እጁን ጭብጥ ያደርጋታል። ወታደሩም ሙሉ ጉልበቱን እንደያዘ ቁጭ ይላል።»

«አይ ተንኮል!» አሉ አቶ ስለሺ፣ ድካማቸውን ረስተው። «ሊናገር የተነሳን ሰው እንደሚያስቀምጥ ሰብሳቢ!»

ሄራን ፊቷ ቀላ። «ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፣ ጋሼ። አፈርኩ። እስከ ዛሬም አፍራለሁ።»

አቶ ስለሺ ይህን አልጠበቁም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሁሉም የሳቀ ነበር የሚመስላቸው። «እሺ፣ መድኃኒቱስ?» አሉ።

«የፍሬኗን እጅ ይሸፍናታል። ካንሰሩ የሚጨብጠው ያጣል።»

«ወታደሩም ተነሳ!»

«ተነሳ! ግን ፍሬኑ የላላ ወታደር አንዳንዴ የቤቱንም ሰው ይመታል። ቆዳን፣ ሳንባን፣ አንጀትን።»

አቶ ስለሺ ከኋላዋ ዞረው ፊቷ መጡ።

«አንጀትን አልሽ?»

«ስንት ጊዜ ነው በቀን?»

«ስምንት ጊዜ። ትናንት ደም አየሁበት።»

«ለናርሷ ነገሯት?»

«በየሳምንቱ ትደውላለች። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላታለሁ።»

«ለምን?»

«ታዲያ ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ አንጀትሽን ዘርግተሽ ታሳያለሽ? ፈጣሪን ማማረር አይሆንም? ደግሞስ…» ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ «ካወቁ መድኃኒቱን ይነጥቁኛል። ያለኝ ተስፋ እሱ ብቻ ነው።»

«ምስጋናው የእግዚአብሔር ነው፤ ማን ከለከለዎት! የናርሷ ጥያቄ ግን ሰላምታ አይደለም። መንገደኛ ‹መራመድ እችላለሁ› ብሎ ዋሽቶዎት ደረጃ ላይ ቢወድቅስ?»

«መጀመሪያ የምቆጣው እኔ ነኝ! ምን አፉን ዘጋው?»

«ሐኪሞችዎም እንደዚያው ይላሉ። አልዋሽዎትም፣ መድኃኒቱን ለጊዜው ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ለዘለቄታውም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቶሎ ከደረሱበት ቁጣውን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት አለ። ዝም ካሉ ግን አንጀትዎ ሊበሳ ይችላል። ያን ጊዜ ካንሰሩ ሳይሆን ዝምታዎ ነው የሚገድልዎት።»

የእንዳልክ ልጅ ልትመክረኝ! የሚል ነገር በሆዳቸው ብልጭ አለ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ናርሷ እንደ ወትሮዋ እንዴት እንደሆኑ ስትጠይቃቸው፣ ምላሳቸው ወደ ለመደው ሊሄድ ሲል ያዙት።

«ኖት ጉድ» አሉ በእንግሊዝኛቸው። «በጭራሽ ኖት ጉድ።» ከዚያ አላቆሙም፤ ስምንቱንም፣ ደሙንም፣ ፌጦውንም ዘረዘሩት። ናርሷ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ይምጡ አለች። ባልደረባቸው ውድነህ መጥቶ ሄራንን ተረከበ፤ ጤናዬም ሞንትቤሎ ሰፈር ካለው ቤታቸው መኪናዋን አስነስታ በረረች።

አምስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ቁጣ ማብረጃው ተሰጣቸው፣ ተቅማጡ ቆመ። የካንሰሩን መድኃኒት ሐኪሞቹ አቆዩት፤ አቶ ስለሺም ዕጢው ማደግ አለማደጉን የሚያሳየውን የስካን ምርመራ በፍርሃት ጠበቁ። ውጤቱ ሲመጣ ግን ዕጢው በሲሶ አንሶ ተገኘ! አንዴ የነቁት ወታደሮች ሥራቸውን አልተዉም ነበር። ጤናዬ ሐኪሙ ፊት እልል አለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ ነበር አባቶች፤ ያልተማሩት አባቶች! እውነቱን የሰማ ሐኪም ልኩን ያውቃል፣ አንጀት ሳይበሳ ይደርሳል፣ ቤተሰብም ከድንገተኛ ለቅሶ ይተርፋል። የጨዋ ሰው ወግ ለጎረቤት ነው፤ ሐኪም ፊት ጨዋነት ሁሉን መናገር ነው።

አቶ ስለሺ ወደ ሥራ በተመለሱ በሁለተኛው ቀን፣ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውድነህን አገኙት። ውድነህ ስኳር በሽተኛ ነው፤ ሰሞኑን በግራ እግሩ ያነክሳል፣ እግሩ ቆስሎ እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረም።

«እንዴት ነህ አንተ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እግዚአብሔርስ ሰምቶሃል። አሁን ለኔ ጫማህን አውልቅ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰው እያየ?»

«ይየን!» አሉና እሳቸው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን ይፈቱለት ጀመር።