የቱታው ኪስ

ጋሽ ብሩሽ ጠርጣራ ሰው ናቸው። ባለሱቅ ፈገግ ብሎ ካስተናገዳቸው «ምን ሊያታልለኝ ነው?» ይላሉ፤ ሳይስቅ ከሸጠላቸው ደግሞ «ምን ደብቆኝ ነው?» ይላሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ቀለም ሲፍቁና ሲቀቡ ስለኖሩ፣ የሰፈሩ ሰው እውነተኛ ስማቸውን እርግፍ አድርጎ ትቶ በዚሁ ስም ነው የሚጠራቸው።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሥራቸው ቀደም ብሎ አልቆላቸው አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ክሊኒክ በር ምራታቸው ስትወጣ አዩ። ጠዋት «ገበያ ልሄድ ነው» ብላ የተሰናበተቻቸው ምራታቸው! የልጅ ልጃቸውን፣ የሦስት ዓመቷን ሚጡን፣ አዝላለች። አንድ የታጠፈ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቅ አደረገችና ግራ ቀኙን አይታ ሄደች።

ሽማግሌው ከጋዜጣ መሸጫዋ ጀርባ ተለጥፈው አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ ሲያዩ፣ ከኋላቸው «ጋሼ፣ ማንን ነው የሚሰልሉት?» የሚል ድምፅ ክው አደረጋቸው።

ዘወር ሲሉ የሟቹ ጓደኛቸው ልጅ ናት። አባቷና እሳቸው ሃያ ዓመት አንድ መሰላል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ተሸክመው የዞሩ ባልንጀሮች ነበሩ። ልጅቷ አሁን ተምራ በዚያው ክሊኒክ ደም መርማሪ ሆናለች።

«ኧረ ስለላ አይደለም፤ ጥላ ፈልጌ ነው» አሉ፣ ሰማዩ ደመና ለብሶ እያለ።

«ጥላውን ካገኙት እንግዲያው እዚህ አግዳሚው ላይ አረፍ ይበሉ።»

ተቀመጡ፤ ግን አላስቻላቸውም። «እስኪ ንገሪኝ ልጄ፤ ምራቴ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«የሰው ምርመራ ከአፌ አይወጣም ጋሼ። አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ቢጠይቀኝም አልነግረውም። ራሷን ይጠይቋት።»

«አሃ! ተማክራችኋላ!»

«ምን እንመካከራለን? አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«ምን እሠራለሁ? የድሮ መስኮት ስፍቅ ዋልኩ። ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ የጣት ውፍረት አክሏል። በስፓቱላ አነሳሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩት።»

«በደረቁ?»

«በምን ልሞርደው ታዲያ፣ በወተት?»

ልጅቷ ሳቀች፤ ቶሎ ግን ሳቋን ሰበሰበች። «ጋሼ፣ በብዙ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ፤ ያ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ከባዱ ብረት። ዛሬም ቢሆን ከማይታወቅ ቦታ የሚመጣ ቀለም ላይ ይገኛል። ሲሞረድ ዱቄት ይሆንና ልብስ ላይ፣ ጫማ ላይ፣ ፀጉር ላይ ያርፋል። ባለሙያው በዚያው ልብስ ቤቱ ገብቶ ሕፃን ያቅፋል። ሕፃን ደግሞ እጁ ከአፉ አይለይም።»

«ያንን ዱቄት ስተነፍስ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ይኸው እንደምታዪኝ ነኝ። ምን ሆንኩ?»

«ሆድ ቁርጠቱስ? በትንሽ ትልቁ ቱግ የሚሉትስ? ከጠዋት እስከ ማታ ሰው የሚጠረጥሩትስ?»

«ጥርጣሬው ከእናቴ የወረስኩት ነው!»

«እሺ እሱ ይቅር። አባቴን ግን ያስታውሱታል። መጨረሻ ላይ ብሩሹ ከእጁ እየወደቀ ያስቸግረው ነበር። በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፤ ያኔ የመረመረው ሰው የለም። ግን እጠረጥራለሁ።»

ሽማግሌው የገዛ እጃቸውን አዩ። ያንን ብሩሽ ከመሬት አንስተው ለጓደኛቸው ስንቴ እንዳቀበሉት እሳቸው ያውቃሉ።

«የትልቁ ሰው ይሁን» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሕፃን ግን የገባበትን እርሳስ ከእኛ ይልቅ አብዝቶ ይመጥጠዋል፤ አእምሮውም ገና እየተሠራ ያለ ነው። ትኩሳት የለው፣ ሽፍታ የለው፤ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚጎዳው። አንዱን ሆዱን ያመዋል፣ አንዱን ምግብ ያስጠላዋል፣ አንዱ ንግግር ይዘገይበታል። ሲያድግም ትምህርት ሊከብደው ይችላል።»

«ንግግር ይዘገይበታል» የሚለው ነገር ሽማግሌውን ጠቅ አደረጋቸው። ሚጡ ሦስት ዓመት ሞልቷት ሁለት ቃል አታያይዝም። ሰሞኑን ደግሞ ሆዷን እየያዘች ራቷን ትገፋለች። ግን ሰውየው እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አይደሉም።

«እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም። ዱቄቱ ከቤቴ የቱ ጋ ነው? አሳዪኝና ልመን!»

«አይታይም እኮ ነው የምልዎት።»

«እንግዲያው የለም» አሉና አውቶቡሱ ሲመጣ ብድግ ብለው ተሳፈሩ።

እዚህ ላይ ሽማግሌውን ለመውቀስ አንቸኩል። ሰው እንጀራ ያበላውን የገዛ እጁን «መርዝ አለበት» ሲሉት ደስ ይለዋል? በዚያ ላይ አንድ ወር ሙሉ የቆጠቆጣቸው ቂም ነበረባቸው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ሚጡ እስከ አጥር በሩ ሮጣ ትጠመጠምባቸዋለች። ከዚያ «ኪስ!» ትላለች። እጇን ቱታቸው ኪስ ውስጥ ሰዳ፣ ከምሳቸው ያስተረፉላትን ቁራሽ ዳቦ አውጥታ እዚያው ትገምጣለች። ከዚህ የበለጠ ደስታ የላቸውም። ከወር በፊት ታዲያ ምራታቸው «አባባ፣ ልብስዎን ቀይረው ቢያቅፏትስ?» አለቻቸው። «ተጸየፍሽኝ?» ብለው ራት ሳይበሉ ተኙ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የሚሰቅሉት ቱታ በየጊዜው ወድቆ፣ ኪሱም ተገልብጦ ያገኙታል። «ይቺ ሴት ኪሴን እየበረበረች ነው» ብለው ደመደሙ።

ቤት ሲደርሱ እንደ ፖሊስ ነው የጀመሩት። «ገበያው እንዴት ዋለ?»

ምራታቸው አልካደችም። ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ዋሽቼዎታለሁ አባባ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነው። ሚጡ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ሐኪሙ ‹ትንሹም ቢሆን ደህና አይባልም፤ የሷ ደግሞ ብዙ ነው› አለኝ። ምንጩ ካልራቀ ማንም ምንም አያደርግላትም አለ።»

«ምንጩ እኔ ነኝ በዪኛ! ምን ያስፈራሻል?»

«እኔ እንደሱ አላልኩም።»

«ባልሽ መኪና ይዞ አገር ላገር ይዞራል፤ አንቺ እዚህ እኔን ከቤቴ ታስወጪኛለሽ!»

«አባባ፣ እርስዎ የትም አይሄዱም። እኔና ሚጡ ነን የምንሄደው። እሑድ ወደ እናቴ ቤት ይዣት እሄዳለሁ።»

ሽማግሌው ደንግጠው ወንበር ያዙ። ለካ ነገሩ ሁሉ ልጅቱን ሊነጥቋቸው የተሸረበ ነው! ወረቀቱም፣ የደም መርማሪዋም ምክር፣ ኪስ መበርበሩም ለዚሁ ነው። «ቆይ፣ እጇን ይዤ ነው የማጋልጣት» አሉ በሆዳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ለመምታት ክር የሚነክሩበትን ሰማያዊ የጠመኔ ዱቄት አወጡ። የነካው ሰው ታጥቦ እንኳ በቶሎ አይለቀውም። ማንም ሳያያቸው ቱታው ኪስ ውስጥ ነሰነሱት፣ እጅጌውንም አሹት። ከዚያ ግቢ ወጥተው ብሩሽ የሚያጥቡ መስለው ዓይናቸውን በሩ ላይ ተከሉ።

ረፋዱ ላይ ምራታቸው የልብስ ሳፋ ይዛ ወጣች።

«እስኪ እጅሽን!» አሉ ተነስተው።

«እጄ ምን ሆነ?» ብላ ዘረጋችላቸው። የሳሙና አረፋ ብቻ ነው። አገላበጡት፤ ጥፍሯ ሥር ሳይቀር አዩ። ምንም የለም። እውነቱን ለመናገር ከፋቸው።

በዚህ መሀል ሚጡ ከቤት ብቅ አለች። አሥሩም ጣቷ ሰማያዊ ነው። ከንፈሯ ሰማያዊ፣ ምላሷም ሰማያዊ። ባዶ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸውና ቅር ብሏት «ኪስ» አለች።

ሽማግሌው እየተደናበሩ ወደ ቤት ገቡ። በሩ ጀርባ በርጩማ ተስቦ ቆሟል፤ ቱታው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ለካ ኪሱን የምትበረብረው እሷ ናት! ዳቦ ፍለጋ። እንደ መርማሪ ምልክቱን ተከተሉ። አሻንጉሊቷ ሆድ ላይ ሰማያዊ። የወተት ኩባያዋ አፍ ላይ ሰማያዊ። ዳቦው የተሸፈነበት ጨርቅ ላይ፣ ጨርቁን ገልጠው ሲያዩ ዳቦው ላይ፣ ትራሷ ላይ፣ እናቷ መቀነት ላይ። መስታወት ውስጥ ሲያዩ የገዛ ጢማቸው ላይ። ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም እኮ! ይህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቢሆንስ? ቀለሙ የማይታይ ቢሆንስ?

በርጩማዋ ላይ ዘፍ አሉ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለች ምራታቸው ተከትላቸው ገብታ።

«ሌባ ላጠምድ ዱቄት ነስንሼ ነበር። ሌባው ተያዘ።»

«ማን ሆኖ ተገኘ?»

«እኔ ነኛ!» አሉና እንባቸው መጣ። «በእጄ ነው ያጎረስኳት። በየቀኑ፣ በእነዚህ እጆቼ!»

ከሰዓት በኋላ የደም መርማሪዋን አስጠሯት። ሰማያዊውን ምልክት አንድ በአንድ እያዞሩ አሳዩዋት። «ዱቄቱን አሳዪኝ ብዬሽ ነበር። ራሴን በራሴ አሳየሁት። አሁን ንገሪኝ፤ ሙያዬን ልተው?»

«ለምን ይተዋሉ ጋሼ? አሠራሩን ይቀይሩ። የድሮ ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ ውኃ እየረጩ ይፋቁ። ከሥሩ ላስቲክ ያንጥፉና ፍቅፋቂውን ጠቅልለው ያውጡ። አፍና አፍንጫዎን በአቧራ መከላከያ ጭምብል በደንብ ይሸፍኑ። ቱታው ቤት አይግባ፤ ሥራ ቦታ ይውለቅ፤ ብቻውን ይታጠብ። ጫማም እንደዚያው። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ አቧራውን ማስነሳት ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። አሻንጉሊቷ ይታጠብ፣ እጇ ምግብ ሳትቀምስ ይታጠብ። ወተት፣ እንቁላል፣ ጎመን አይጓደልባት፤ በደንብ የበላ ሕፃን እርሳሱን ያን ያህል አይመጥጥም። አዲስ ቀለም ሲገዙም እርሳስ የሌለበት መሆኑን ይጠይቁ።»

እያወራች ወደ ጓዳ ዓይኗን ጣል አደረገችና ቆም አለች። «ያ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

ምራቲቱ ቀላች። «በረኪና ነው። ትልቁ ጀሪካን ስለማይመቸኝ ቀድቼ...»

«አሃ!» አሉ ሽማግሌው፤ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏቸው። «እኔ ብቻ አይደለሁማ!»

«ሁላችሁም ናችሁ» አለች ልጅቷ። «በረኪናም፣ ነጭ ጋዝም፣ የጋሼ ቲነርም በየራሱ ዕቃ ሆኖ ከፍ ብሎ ይቆለፍበት። ሕፃን ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው።»

ሽማግሌው ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ጠርጥሬሽ ነበር፤ ይቅር በዪኝ። እሑድ አትሂዱብኝ።»

አሁን የመጠርጠር ተራው የእሷ ሆነ። «አባባ፣ ዛሬ አዝነዋል፤ ሰኞ ሲደክምዎት ይረሱታል። እስከ ሰኞ ማታ እቆያለሁ። ጓዜ ግን አይፈታም።» የጠቀለለችውን የልብስ ጓዝ በሩ ሥር አስቀመጠችው።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ጋሽ ብሩሽ ሲመጡ ሚጡ እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ ሮጠች። «ቁሚ!» ብለው ጮኹና ወደ ኋላ ሸሹ። ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና አለቀሰች። ከእሷ ሸሽተው አያውቁማ! እሳቸው ግን አልቀረቧትም። ቱታቸውን ሥራ ቦታ ቢያወልቁም ፀጉራቸውን አላመኑትም። ግቢው ቧንቧ ሥር ተጎንብሰው ራሳቸውን፣ ጢማቸውን፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና አሹ። ለቅሶዋ ጆሯቸው ውስጥ እየገባ ሁለቴ ታጠቡ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ተንበርክከው ክንዳቸውን ሲዘረጉ ሚጡ ሄዳ ተወሸቀችባቸው።

ምራታቸው ይህን ሁሉ በመስኮት አይታለች። በሩ ሥር ያለውን ጓዝ ፈታች።

ከሦስት ወር በኋላ ሚጡ እንደገና ስትመረመር በደሟ ውስጥ ያለው እርሳስ በግማሽ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ «ገና ይቀረናል፤ ግን መንገዱን ይዛችኋል» አለ። የሆድ ሕመሟ ቀርቷል፤ ምግብ ትለምናለች። ጋሽ ብሩሽም ጥርጣሬያቸውን አልተዉም፤ የሚያውሉበትን ቦታ አገኙለት እንጂ። ቀለም መሸጫው ሲገቡ ቆርቆሮውን እያገላበጡ «ውስጡ ምን አለ? የት ተሠራ? ማን መረመረው?» እያሉ ሻጩን ያስለቅሱታል። ሌሎቹ ቀለም ቀቢዎች መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ አሁን ሦስቱ ውኃ ረጭተው ነው የሚፍቁት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ታዲያ ታጥበው፣ ተቀይረው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ቢንበረከኩ ሚጡ አልመጣችም። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ ልክ እንደ እሳቸው በጥርጣሬ ታያቸዋለች።

«አባባ፣ እጅህን አሳየኝ» አለች።

ጊዜው ደርሶ ይሁን ዱቄቱ ርቆላት፣ እኔ አላውቅም። ጋሽ ብሩሽ ግን ሦስት ቃል አያይዛ ስትናገር ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉላት። ሚጡ መዳፋቸውን አየች፣ ገለበጠችው፣ ጥፍራቸው ሥር ሳይቀር መረመረች፤ ከዚያ በኋላ ነው የታቀፈችላቸው።