ፊቱን ወደ ፊት

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ የመኪና ማርሽ ተሰበረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጎማ ይፈነዳል፣ አዎ፣ ውሃ ይፈላል፣ ፍሬን እንቢ ይላል፣ የማርሽ ዘንግ ግን ብረት ነው፣ ብረት እንዴት ብሎ በሰው እጅ ይሰበራል? ያ ስልክሽ ይቀዳል? ጠጋ ላድርገው? እሺ። በእጄ ተሰበረ እልሻለሁ። እዚህ እጄ ላይ!

ከመሸንቲ ገበያ ስመለስ ነው። ሽንኩርት ጭኛለሁ፣ ብቻዬን ነኝ፣ በሁለተኛ ማርሽ እየመጣሁ ነው፣ እና ሦስተኛ ላስገባ ገፋ ላደርገው ስል ቀጭ! ዘንጉ ከነእጀታው እጄ ላይ ቀረ። እንደ መቋሚያ ይዤው ቀረሁ። አየሁት፣ አገላብጬ አየሁት፣ ታዲያ ንዴቴ መጣና በመስኮት ወረወርሁት። ወረወርሁት ያልሁሽን ያዢልኝ፣ ኋላ ጣጣው ይመጣል።

እና እስከ ባሕር ዳር ድረስ በሁለተኛ ማርሽ መጣሁ። ባጃጁ አለፈኝ፣ ሚኒባሱ አለፈኝ፣ እሱስ ይሁን፣ የፈረስ ጋሪ አለፈኝ፣ ልጄ፣ ጋሪ! ባለጋሪው ዞር ብሎ «በደህና ይግቡ አባባ» አለኝ። አልመለስሁለትም።

ሰፈሬ ሽምብጥ ደርሼ፣ ቤቴ በር ላይ፣ ሞተሩን አጠፋሁና ትርንጎን ጠራኋት። ባለቤቴን ማለቴ ነው፣ ያቻትና፣ ምስር እየለቀመች ነው፣ የማትሰማ እንዳይመስልሽ። ታዲያ ለቅዳሜ ወንዛዬ ፍልውሃ ላደርሳት ቃል ገብቼላታለሁ። ፍልውሃው ለጉልበት ነው። ግራ ጉልበቷን እያመማት ተንበርክካ መስገድ ካቆመች ሁለት ፍልሰታ አልፏታል፤ ሰው ሲሰግድ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ታለቅሳለች። ይህን ሳይ አንጀቴ አይችልም። እህቷ ደግሞ ቀድማ ሄዳ ማደሪያ ይዛ ትጠብቃታለች። እና የተሰበረውን ጉራጅ አየችና፣

«ይሁኔ፣ ግድ የለም፣ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«በየትኛው ጉልበትሽ ነው አውቶቡስ የምትወጪ? አደርስሻለሁ ብያለሁ፣ አደርስሻለሁ!» አልሁ።

እንዲህ ብዬ አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ምን ነበረበት! ጋራዥ ሄጄ አንድ መካኒክ ልጅ ይዤ መጣሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና «አባባ፣ ሳምንት ይተዉልን» አለኝ። «እኔ የምፈልገው ለቅዳሜ ነው» ብለው «የትኛው ቅዳሜ?» አይለኝም! በዚያ ላይ ዕቃው እዚህ አይገኝም፣ መኪናዋ አሮጊት ናት፣ ሠላሳ ዓመት አብራኝ ኖራለች፣ እኩዮቿ ሁሉ አልቀዋል። አዲስ አበባ ላለ ባለመለዋወጫ ተደወለ፣ ዘንጉ በአውቶቡስ መጣ፣ አርብ ከሰዓት እጄ ገባ። እኔም ጋራዡን «ደህና ዋሉ» አልሁና ራሴው ልገጥመው ቆረጥሁ። ሻጩን ደውዬ ጠየቅሁት።

«ፋዘር፣ ሲምፕል ነው» አለኝ።

«ሲምፕል ማነው?»

«ቀላል ነው ማለቴ ነው። አራት ብሎን ይፈታሉ፣ የድሮውን ያወጣሉ፣ አዲሱን ይከታሉ፣ ፊቱን ወደ ፊት፣ አራቷን ብሎን መልሰው ያስራሉ፣ አለቀ!»

አለቀ! እሱ ዘንድማ አለቀ። ወዲያው እኔ ዘንድ ተጀመረ።

ቅዳሜ ማለዳ መኪናዋን አስገፍቼ ማንጎው ጥላ ሥር አስጠጋሁና ቁልፌን፣ ፒንሳዬን፣ ግራሶዬን ዘረጋሁ። መሪጌታ ክንፈ መጡ። መሪጌታ ሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ፣ ገዳም ውስጥ፣ ትርጓሜ መጻሕፍት ሲያስተምሩ ኖረው ለዓይናቸው ሕክምና ብለው አጠገባችን የተከራዩ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ እግዚአብሔር ያቆይልኝ፣ ብሎን ግን አይተው አያውቁም። ከጎኔ ቆሙና፣

«አያ ይሁኔ፣ ከመፍታትዎ በፊት ምልክት አያደርጉበትም?» አሉኝ።

«መሪጌታ! ሠላሳ ዓመት በእጄ ይዤው የኖርሁትን ዘንግ ምልክት ላድርግበት? እጄ ያውቀዋል!»

አራቱን ብሎን ፈታሁ። አንዷ ወንበሩ ሥር ገባች፣ እሷን ፍለጋ ግማሽ ጠዋት በሆዴ ተኛሁ። ጉራጁን አወጣሁ። ጉራጁ ቀጥ ያለ ነው፣ ምንም አይናገርም። አዲሱን ከፌስታሉ ሳወጣው ታዲያ እንደ ማጭድ የጎበጠ ሆኖ አገኘሁት። እና ጉብጠቱ ወዴት ነው የሚዞረው? ወደ ዳሽቦርዱ? ወይስ ወደ ወንበሩ?

— የድሮው እንዴት እንደነበረ አያዩም ነበር?

የድሮውን ወርውሬው! ያዢልኝ ያልሁሽ ይህንን አይደል? በነጋታው ሄጄ ፈልጌዋለሁ፣ ቦዩን ሁሉ ዳስሻለሁ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ብረት ታዲያ ያድራል? የለም። እና እጄን ጠየቅሁት። ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፣ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ አየር ላይ አንደኛ አስገባሁ፣ ሁለተኛ አስገባሁ፣ እጄ ዝም። ሠላሳ ዓመት ያገለገለኝ እጅ ዝም አለኝ! ለሻጩ ደወልሁ።

«ፊቱ የቱ ነው?» አልሁት።

«የጎበጠበት ነዋ።»

«ወዴት ላድርገው?»

«ወደ ፊት።»

«የማን ፊት?»

«ፋዘር፣ ደንበኛ አለብኝ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። መልሼ ብደውል አያነሣም።

ያን ጊዜ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። እኔ ሲጠርጉ ገና ገባኝ፣ ሊተረጉሙት ነው።

«‹ፊቱን ወደ ፊት› ብሏል። ሁለት ፊት አለ ማለት ነው። የፊተኛው ፊት የዘንጉ ነው፣ ይህ ግልጽ ነው። የኋለኛው ፊት ግን የማን ነው? አንድም የመኪናዋ ፊት ነው፤ ይህ ከሆነ ጉብጠቱ ከእርስዎ ይርቃል። አንድም የነጂው ፊት ነው፤ ይህ ከሆነ ወደ እርስዎ ይመለሳል» አሉ።

«ታዲያ የትኛው ነው መሪጌታ?»

«ሁለቱም ይሄዳል።»

«በትርጓሜ ሁለቱም ይሄዳል፣ መኪናዋ ግን በአንዱ ነው የምትሄደው!» ብዬ ጮህሁ። በመሪጌታ ላይ ጮህሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

እሳቸው አልተቀየሙም። አሰቡ፣ አሰቡና «የነገሩ ባለቤት መኪናዋ ናትና የመኪናዋ ፊት ይበልጣል» አሉ። እኔም ተቀበልሁ። ምን ላድርግ? ትርንጎ ከንጋት ጀምሮ ጓዟን ጭኗ ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። በየመካከሉ «ደረሰ?» ትላለች። «ደረሰ!» እላለሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ቀስ በል» ትላለች። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። ጉብጠቱን ወደ ዳሽቦርዱ አዞርሁና አራቱን ብሎን አሰርሁ፣ መሪጌታም ብሎን ሊያቀብሉኝ ብለው ነጭ ጋቢያቸውን በግራሶ አበላሹ።

ትርንጎን ደግፌ አስገባኋት። ሞተሩ ተነሣ። አንደኛ ላስገባ ስል ቋ! እጀታው ዳሽቦርዱን መታ፣ አልገባም። «አዲስ ነው፣ ይላላል» አልሁ። ቋ! ሦስተኛውም ቋ! የኋላ ማርሽ ብሞክረው ሰተት ብሎ ገባ። በኋላ ማርሽ ከግቢው ወጣሁና መንገዱ ላይ ቆምሁ። ሁለተኛ አስገብቼ ልነሣ ስል ተንቀጠቀጠችና ጠፋች። አስነሣኋት፣ ጠፋች። አስነሣኋት፣ ጠፋች። ወደ ኋላ ስላት ግን ትሄዳለች! መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው «አያ ይሁኔ፣ ወደ ኋላ ካልሆነ አልሄድም ካለችስ?» አሉኝ። ልጄ፣ መሪውን በጥርሴ ልነክሰው ምንም አልቀረኝ። ቃሌን በልቼ ያቺን ሴት በታመመ እግሯ አውቶቡስ ላሳፍራት ነው! ልቤ ተሰበረ፣ እውነቴን ነው።

ያን ጊዜ ትርንጎ «ይህ ልክ አይደለም» አለች።

«ልክ አለመሆኑንማ አጣሁት?» አልኋት።

«ወደ ኋላ ስትል ጉልበቴን አልመታኝም።»

«ምን አልሽ?»

«ሁልጊዜ ወደ ኋላ ስትል እጀታው ይቺን ግራ ጉልበቴን ይመታኛል። እኔም ማርሹን ስትይዝ አይቼ ጥርሴን ነክሼ እጠብቀዋለሁ። አሁን ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ጉብጠቱ ወደ እኛ ነበር። ገልብጣችሁ ነው የገጠማችሁት።»

ሞተሩን አጠፋሁ። መሪጌታ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ሰሙና «አንድም የወይዘሮ ትርንጎ ጉልበት ነው» አሉ። «ይህን እኛ አልተማርነውም።»

እዚያው መንገዱ ላይ ፈታሁት፣ ጉብጠቱን ወደ ወንበሩ መለስሁት፣ አሰርሁት። አንደኛ ገባ። ሦስተኛ ገባ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ልጄ፣ ንዴቴ ባሰብኝ።

«ሠላሳ ዓመት ሲመታሽ ኖሮ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ነግሬሃለሁ» አለች።

«መቼ?»

«በመታኝ ቁጥር። ‹ኧረ ጉልበቴን› ስልህ፣ ‹ማርሽ ነው› ትለኛለህ።»

ማርሽ ነው! እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። ልክ እንዲህ፣ ዞር እንኳ ሳልል፣ «ማርሽ ነው»። እሷም ማርሽ ከሆነ ብላ ትተወዋለች። ሕመሙ ከዚያ ይምጣ፣ ከእርጅና ይምጣ፣ ሐኪሙም አላወቀው። እኔ ግን ዓባይን ተሻግረን ሐሙሲት እስክንደርስ ጉልበቷን በጎን እያየሁ ነዳሁ። በሰው ስናደድ ውዬ፣ በጋራዡ፣ በሻጩ፣ በመሪጌታ፣ ለካ የሚናደዱበት ሰው መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ወንዛዬ አደረስኋት፣ ሦስት ቀን ተነከረች፣ ደህና ሆና ተመለሰች። አሁን የወንበሩን ጠርዝ ይዛም ቢሆን አንድ ሁለት ትሰግዳለች፣ ተመስገን ነው።

እና እኔ ከዚያ ወዲህ ቆረጥሁ። እሷን ይዤ ወደ ኋላ አልሄድም! መታጠፊያ ሲያልፈኝ ቀጥ ብዬ ሄጄ፣ ሰፈሩን ዞሬ እመጣለሁ እንጂ የኋላ ማርሽ አልነካም። ናፍጣው ይለቅ! ጉልበቷ አይበልጥም? ሰው እንዲህ ከስሕተቱ ይማራል ልጄ፣ ይህን ጻፊው።

— (ወይዘሮ ትርንጎ፣ ምስር መልቀሙን ሳያቆሙ) አትጻፊው። ትናንት ዩኒቨርሲቲው በር፣ ፔዳ ላይ ወደ ኋላ ሲል መታኝ።

— ትናንት? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!

— ነገርሁህ እኮ።

— ምን አልሁሽ?

— «ማርሽ ነው» አልኸኝ።

(ሁለቱም ይስቃሉ።)